«ሽጠው» ለምትሉኝ ሁሉ

ትናንት ማታ ከቃሊቲ መጥቼ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ፣ የመኪናዬን ኮፈን ከፍቼ እንፋሎት ውስጥ ቆሜ ነበር። አምስት ሰው መጥቶ ከበበኝ። ከአምስቱ ውኃ ላምጣልህ ያለኝ የለም፤ ወደ ዳር እንግፋልህ ያለኝም የለም። አንዱ በስልኩ መብራት ሞተሩን እያየ አንገቱን ነቀነቀ፤ ሬሳ የሚያይ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ተራ በተራ፣ ቀድመው የተመካከሩ ይመስል፣ ያችኑ አንድ ቃል አሉኝ፦ «ሽጠው»።

ይህን ቃል ሰባት ዓመት ሙሉ ሰምቻለሁ። ጎረቤት ብሎኛል፣ መኪና የሚያጥቡት ልጆች ብለውኛል፣ የሚስቴ ወንድም በየበዓሉ ይለኛል፣ ነዳጅ ቀጂዋ ብላኛለች፤ አንድ ቀን ደግሞ መንጃ ፈቃዴን ሊያይ ያስቆመኝ ትራፊክ ፖሊስ ሳይቀር መኪናውን ዞር ዞር ብሎ አይቶ ሽጠው አለኝ። ቀጥቶ ቢያሰናብተኝ በስንት ጣዕሙ!

መኪናው ቢኤምደብሊው 325 ነው። ባለ ሁለት በር፣ ኩፔ የሚሉት፣ በፈረንጆቹ 1993 የተሠራ። ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር የተሰለፈበት 2.5 ሊትር ሞተር አለው፤ የሚገፋው በኋላ ጎማው ነው። ብዙ ሰው ባለ አራት በሩን ወስደው ሁለቱን የደፈኗቸው ይመስለዋል። አይደለም። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ በሩ ረዘም ይላል፣ መስታወቱ ዙሪያውን ክፈፍ የለውም። በሩን ስትከፍቱ መስታወቱ በራሱ ጊዜ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ስትዘጉት ተመልሶ ከጣሪያው ጎማ ሥር ይሸጎጣል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ዛሬም ይሠራል። ይህችን ዝቅ ማለቱን ለማየት ብቻ በሩን የምከፍትበት ቀን አለ፤ ለሚስቴ አትንገሩብኝ። ሽጠው የሚለኝ ሰው ግን መስታወቱን አያይም። የሚያየው ኮፈኑን ነው፣ እሱንም ሲከፈት ብቻ።

መኪናው አርጅቷል ቢሉኝ አልከራከርም። የሠላሳ ዓመት ፕላስቲክ እንደ ብስኩት ቢሰበር የማንም ጥፋት አይደለም። አንጀቴን የሚያቃጥለው እኛ ያደረስንበትን ሁሉ ራሱ ያመጣው መባሉ ነው።

የትናንቱ እንፋሎት ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ከጥቂት ወራት በፊት የሙቀት መርፌው ከወትሮው ከፍ ሲልብኝ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ሁሉም ጋራዥ ያው ጋራዥ ነው። ጠዋት ሰጥቼ ከሰዓት ስመለስ መካኒኩ እጁን በጨርቅ ጠረገና አንዲት ነገር መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ክብ ናት፣ የቡና ሲኒ አፍ ታክላለች፣ መሃሏ ላይ ሞላ አላት። «ወንድሜ፣ ይህችን አውጥቼልሃለሁ። ለእኛ አገር አታስፈልግም፤ ለበረዶ አገር ናት» አለኝ። ቴርሞስታቷ ናት፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የምትከለክለው በር! ሰውየው የሐሞት ጠጠር ያወጣልኝ ሐኪም ነበር የሚመስለው። ኩራቱም እንደዚያው።

ቴርሞስታት ከሌለ ውኃው ከሞተሩ ወደ ራዲያተር ያለ ከልካይ ይዞራል፤ ሞተሩም ለመሞቅ ዕድሜውን ይፈጃል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ምስኪን ነው፤ ሞተሩ ገና ከእንቅልፉ የተነሣ እየመሰለው ቤንዚን ያበዛለታል። በሦስተኛው ሳምንት ታንኩ ቶሎ ቶሎ ይጎድልብኝ ጀመር። ወደዚያው መካኒክ ተመልሼ ነዳጅ በዛብኝ ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የአውሮፓ መኪና ነዳጅ ይጠጣል። ሽጠው።»

አዲስ ቴርሞስታት ፈልጌ ሌላ ቦታ አስገጠምኩ። እዚያ ደግሞ ራዲያተሩን ለመኪና በተዘጋጀው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ፈንታ ከቧንቧ በተቀዳ ውኃ ሞሉት፤ ክዳኑን ጣሉትና የሌላ መኪና ክዳን በቁራጭ ጎማ አጥብቀው ደፉበት። ይህን ያወቅሁት ትናንት ማታ ነው፣ መርፌው ሲወጣ።

የራዲያተር ክዳን የድስት ክዳን አይደለም። ሥራው ግፊት መያዝ ነው፤ ግፊት ያለበት ውኃ ቶሎ አይፈላም። ጅቡቲ ወደብ ላይ የተጣደ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይንተከተካል። ከቆላ የመጣች ዘመድ ያለችው ሰው ይህን ያውቃል፤ ሽምብራው አልበስል ብሏት ስታማርር ሰምቷታል። የእኔ ሞተር ደግሞ ደህና ሆኖ፣ ምንም ሳይነካው፣ የሚሠራው በ90 ዲግሪ ግድም ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ በጤንነቱና በመፍላቱ መካከል ያለችው ሁለት ዲግሪ ብቻ ናት ማለት ነው። ያችን ሁለት ዲግሪ ይዤ ነው ከቃሊቲ ጀምሮ ከከባድ መኪኖች ጭስ ጋር ጎማ በጎማ ስጎተት ያመሸሁት። መርፌው ቀዩን ሳይነካ አጠፋሁት። ብዘገይ ኖሮ፣ የሞተሩ አካል፣ ብሎኩ፣ ብረት፣ ላዩ ላይ የሚከደነው ቴስታታ ደግሞ አሉሚኒየም ስለሆነ፣ ቴስታታው ይጣመም በመካከላቸው ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑም፣ ይቃጠል ነበር።

እግረ መንገዴን፦ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ። መኪናው ጀርመን፣ የሕመሙ ስም ጣሊያንኛ፣ ስድቡ አማርኛ።

ወደ መንገዱ ልምጣ። ከኮንዶሚኒየማችን እስከ ዋናው አስፋልት አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዚህች ውስጥ አሥራ አንድ ጉብታ ቆጥሬአለሁ። ሁለቱ ደንበኛ የፍጥነት መቀነሻ ናቸው፤ ቀለም ተቀብተዋል፣ ቁመታቸው ሰው የለካው ነው። ዘጠኙን የሠራው ነዋሪው ነው። አንዱ አፈር ተከምሮበት፣ አንዱ የፈረሰ ግድግዳ ተደፍቶበት፣ አንዱ ከግንባታ የተረፈ ቱቦ በሲሚንቶ ተቀብሮበት። ልጆቻችን እንዳይገጩ ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ በዚያ መንገድ የሚበር እብድ ሹፌር አይቻለሁ። ነገር ግን የመኪናዬ ሆድ ከመሬት አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም። ስለዚህ እያንዳንዱን ጉብታ በሰያፍ ነው የማልፈው፤ መጀመሪያ የቀኙ የፊት ጎማ፣ ከዚያ የግራው፣ ከዚያ ትንፋሼን ይዤ ሆዱ፣ ከዚያ የኋላዎቹ። መሪውን ሳዞር መንገዱን ሙሉ እዘጋለሁ። ከኋላዬ ባጃጅ፣ ከባጃጁ ኋላ ሚኒባስ፣ ሁሉም ጥሩንባ። ባለፈው አንድ የሚኒባስ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ወንድም፣ ልታልፈው ነው ልትሳለመው?» አለኝ። ተናድጄ ዞር ስል ተሳፋሪው ሁሉ ይስቃል። እውነቱን ለመናገር እኔም ትንሽ ሳቅሁ። ያን ጊዜ ነው እግሬ ከፍሬኑ ላላ ብሎ ኮፓው፣ ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ ሲሚንቶውን የላሰው። ቋ! የሚለውን ድምፅ ጆሮዬ ሳይሆን ጥርሴ ነው የሰማው። ዘይት ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር የመጀመሪያው ታዛቢ ምን እንዳለ አልደግምላችሁም።

ዳገት ላይ ሚኒባስ ጥሎኝ ሲሄድ የሚስቁም አሉ። ይህ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ 192 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ በባሕር ጠለል ማለት ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ አየር በግፊት የሚያስገባለት ተርቦ ያልተገጠመለት የነዳጅ ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ወደ ሃምሳ የሚጠጉት ፈረሶች ከጅቡቲ ወደዚህ ሲወጡ ቀርተዋል። የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ኤሌክትሪክ መኪና ስላለው ይህ ሁሉ አይመለከተውም፤ ድምፅ ሳያሰማ ያልፈኛል፣ እጁንም ያወዛውዝልኛል። ጥሩ ሰው ነው። ያናድደኛል።

ሁለቱ በር ራሱን የቻለ መከራ ነው። ባለፈው እናቴንና ታላቅ ወንድሟን ለቅሶ ልወስድ ተነሣሁ። የፊት ወንበር የታላቅ ነው፤ ስለዚህ እናቴ ወደ ኋላ። የፊት ወንበሩን ወደ ፊት አጠፍኩላት፣ እሷ ጎንበስ አለች፣ ነጠላዋ ከቀበቶው ጋር ተያያዘ፣ አንድ እግሯ ገብቶ አንዱ ውጭ ቀረ። እዚያው እንደቆመች፣ «ልጄ፣ ጎተራ ነው እንዴ እንዲህ ተጎንብሶ የሚገባበት?» አለችኝ። ለቅሶው ቤት ስንደርስ ደግሞ አጎቴ ካልወረዱ እሷ መውረድ አትችልም፤ አጎቴ ደግሞ ወንበሩ ዝቅ ስላለባቸው ሁለት ሰው ካልያዛቸው አይነሡም። ድንኳን ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ እኛን ያያል። አልቃሿ ሳትቀር ዝም ያለች መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ደወለችና ስለ ጤናዬ ጠይቃኝ፣ ስለ ልጆቹ ጠይቃኝ፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ... ገምታችኋል።

መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ የሄደ ሰው ሌላውን ያውቀዋል። ለቶዮታ ከሆነ ዕቃውን ስሙን ሳትጨርሱ ያወርዱላችኋል። እኔ የተሰበረችውን የቴርሞስታት ቤት በፌስታል ይዤ ከሱቅ ሱቅ ስዞር ዋልኩ። የመጀመሪያው አየና «የለም»፤ ሁለተኛው ሳያይ «የለም»፤ ሦስተኛው አገላብጦ አየና «የጀርመን ነው?» ብሎ ዋጋውን ከነገረኝ በኋላ ዕቃውን ሊፈልግ ሄደ። ዋጋው ከዕቃው ቀድሞ የሚገኝበት ገበያ ነው። አራተኛው ግን ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ፣ መኪናው የስንት ዓመት እንደሆነ፣ ሞተሩ ተከፍቶ እንደሚያውቅ፣ በሮቹ ደህና መሆናቸውን ጠየቀኝ። ሰው አገኘሁ ብዬ ሁሉንም አወራሁለት። «ሽጥልኝ» አለኝ መጨረሻ ላይ፤ «ሞተሩን ለብቻ፣ በሩን ለብቻ፣ ወንበሩን ለብቻ አወጣዋለሁ።» ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። በሬውን ሲያመሰግኑለት ቆይተው ባለ ሉካንዳ መሆናቸውን የሰማ ገበሬ ሆንኩ።

ደግሞስ ሽጬ ምን ልግዛ? በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ቆዳ የሚያስገፍፍ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ጭራሽ ተከለከለ። ይህችን ከሸጥኩ ሁለተኛ የምትመጣ የለችም። ቪትዝ ግዛ ትሉኛላችሁ። ቪትዝ ጥሩ መኪና ናት፤ እናቴ ያለ አጋዥ ትገባባታለች፣ ጉብታውንም ሳትሳለም ታልፈዋለች። ዋጋዋን ግን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጠይቄ ሻጩን ይቅርታ ብዬ ዘግቻለሁ።

የሚገርመው ደግሞ ይህች መኪና የተሠራችለት መንገድ ከቤቴ ቅርብ ነው። የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ በሩ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ነው። እሑድ በማለዳ፣ ገና ጭጋጉ ሳይገፍ፣ ትኬቴን ቆርጬ እገባለሁ። ጉብታ የለም፣ ባጃጅ የለም፣ ምክር የለም። በአራተኛ ማርሽ የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው መርፌ አራት ሺህን ሲያልፍ ስድስቱ ሲሊንደሮች የሚያወጡት ድምፅ ሌላ ነው፤ ጩኸት አይደለም፣ እንደ ጨርቅ ቅድ ነው፣ ወጥና ረዥም። የተፈቀደው 120 ነው፤ 120 ላይ መሪው እጄ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ሞጆ ሳልደርስ የሁሉንም ሰው ቃል እረሳዋለሁ። ግን እዚያች በር ለመድረስ አሥራ አንዱን ጉብታ ማለፍ አለብኝ፤ ስመለስም እንደዚያው።

ዛሬ ጠዋት በእግሬ ወጣሁ። መኪናው ሌሊቱን ያደረው የሰው ግቢ ውስጥ ነው። በራችንን የሚጠብቁት አባት ባዶ እጄን ሲያዩኝ ከወንበራቸው ብድግ አሉና፣ «ልጄ፣ ሸጥኸው እንዴ?» አሉኝ፣ ደንገጥ ብለው። እኒህ ሰው ናቸው በየሳምንቱ ሽጠው የሚሉኝ።

እንግዲህ ለዚህ መኪና የሚሆን ትክክለኛ የራዲያተር ክዳን፣ ላዩ ላይ የግፊቱ ቁጥር የተጻፈበት፣ ያለው ወይም የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ሰው ከታች ይጻፍልኝ። ያገለገለም ቢሆን እወስዳለሁ፤ ገላን ድረስም ቢሆን ሰበታ ድረስም ቢሆን እመጣለሁ፣ በሚኒባስ። «ሽጠው» ብሎ ለመጻፍ ጣቱን ያነሣ ካለ ተራ ይያዝ፤ የሚስቴ ወንድም ቀድሞታል።