ዛፉ ጄኔሬተር አለው

ሰፈራችን ጥግ ያለው ካፌ በር ላይ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። ባለፈው ሳምንት ከግንዱ እስከ ጫፉ አረንጓዴ አምፖል ተጠመጠመበት። ዛፉ ድሮም አረንጓዴ ነበር። ግን ማታ ማታ ይደብቀን ነበር፤ ተነቃበት።

እጅ ነስቻለሁ። እናንተም ሰፈር አንድ እንዲህ ያለ ምስጉን ዛፍ አይጠፋም።

የኛው ዝም ብሎ አይበራም። ለአፍታ ቀስ እያለ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ከዚያ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። አጠገቡ የፕላስቲክ ዘንባባ ቆሟል። እሱም እንዳይከፋው ቢጫ በርቶለታል። ማክሰኞ ማታ መብራት ሄደ። እኛ ሻማ ስንፈልግ ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ ዛፉ ቦግ አለ። ጎረቤቴ የእንጀራ ሊጡ ተቦክቶ ምጣዱ ቀዝቅዞባቸው በር ላይ ቆመው ያዩታል። «ምነው ዛፍ ባደረገኝ» አሉ። እኔም አስቤበታለሁ። ዛፍ ለመሆን ማመልከቻ የሚቀበል ካለ ጠቁሙኝ። መታወቂያ አለኝ፤ ቁመቴም አያሳማም።

ወደ ቤታችን የሚያስገባው ቅያስ ላይ ግን አንድም አምፖል የለም። ሰው በጨለማ ይሂድ ያልኩ እንዳይመስላችሁ። መንገዱ ይብራ። ዛፉ ግን የት ሊሄድ ነው?

አያቶቻችን መብራት ላይ የሚዞረውን ነፍሳት «የእሳት እራት» ያሉት አምፖል ሳያዩ ነው። እራት ብቻ መስሏቸው ነበር። አሁን ቁርስም ሆኗል። ጠዋት የካፌው ጥበቃ መጥረጊያውን ይዞ ከሾላው ሥር ክንፍ ይጠርጋል። በአፈር መዛቂያ ሙሉ ክንፍ! ማታ ደግሞ ከነፍሳቱ የተረፈው ማኪያቶ ውስጥ ሲገባ የካፌው ባለቤት ፍሊት ይነፋል። በአምፖል ጠርቶ በፍሊት መሸኘት፤ እንግዳ ተቀባይነታችን የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ያ ሾላ ከካፌውም ከኔም በዕድሜ ይበልጣል። ፍሬው ሲበስል የሌሊት ወፎች ይመጡበት ነበር። ፍሬውን በልተው ዘሩን ራቅ ወዳለ ቦታ ይጥላሉ፤ ሾላን የሚዘራው ገበሬ እነሱ ናቸው። ከሳምንት ወዲህ አንድም አላየሁም። ማንም ድንጋይ አልወረወረም። መብራት ብቻ በራባቸው። አምፖሉ ክዳን ኖሮት ወደ መሬት ቢያይ ምን ይጎድላል? ነፍሳትን አብዝቶ የሚጠራው ሰማያዊና አረንጓዴ የበዛበት ብርሃን ነው፤ በሞቅ ያለ ቢጫ ቢቀየርስ? ካፌው ሲዘጋስ ቢጠፋ? ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ማን እንዲያየው ነው?

ይኸው ተናደድኩ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ፈረንጆቹማ ወደ ኋላ ቀርተዋል። አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ፍላግስታፍ የምትባል ከተማ አለች፤ ኮከብ እንዲታይ መብራቷን ስለምትቆጥብ በ2001 እ.ኤ.አ. በዓለም የመጀመሪያዋ «የጨለማ ሰማይ ከተማ» ተብላ ተመረጠች። ስለጨለመች ተሸለመች! ኔዘርላንድስ ኒውኮፕ ውስጥ ደግሞ ለሌሊት ወፍ ሲሉ የአንድ ሰፈር መንገድ ላይ ቀይ መብራት ተከሉ፤ ቀይ ብዙም አይረብሻትም ብለው። እኛ ዘንድ ቀይ መብራት ምን ለሚሸጥ ቤት እንደሚሰቀል የሚያውቅ ያውቃል፤ ለሌሊት ወፍ ብለን ስማችንን አናጠፋም።

ለካፌው ባለቤት ይህን ሁሉ በትህትና ነገርኩት። «ጋሼ፣ ጨለምተኛ አይሁኑ» አለኝ። ቃሉ ልኬ ነው፤ ተቀብያለሁ።

ደግሞም ባለካፌው ተፈጥሮ ይወዳል። ለበዓል ቅርንጫፎቹ ላይ የፕላስቲክ ጉጉቶች ሊሰቅል ነው። ዓይናቸው ይበራል ይጠፋል አሉ።