ግሪን ካርድ ይዞ ደሴ መክረም

መነሻው ቀላል ነው። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ሰው የታመመች እናቱን ሊያስታምም ደሴ መጣ። አምስተኛ ወሩን ይዟል። እናቱ አልተሻላትም። ይቆይ ወይስ ይመለስ? ሁለት ሰዎች በጽሑፍ ተከራክረውበታል። አንዱ ደሴ ፒያሳ ለሰው ዲቪ እየሞሉ የሚኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ሌላው የኮምቦልቻ ነጋዴ፣ የሰውየው ታናሽ ወንድም ነው።

የደሴው፦
ወንድሜ፣ ቅር እንዳይልህ። ዲቪ ሲከፈት ወረፋው ከሱቄ እስከ ደረጃው ይደርሳል። ሰው ለፎቶ መነጽርህን አውልቅ ስለው ይቆጣኛል። ካርዱን ካገኘሁ በኋላ ግዴታዬ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም የለም።

ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ስሙ ራሱ «ቋሚ ነዋሪ» ነው። ካርዱ የ10 ዓመት ነው ተብሎ 10 ዓመት እዚህ መክረም የለም። ከ6 ወር በላይ ከቀረህ አየር ማረፊያ ላይ ጥያቄ ይጠብቅሃል። ዓመት ካለፈ ካርዱ ብቻውን አያስገባህም። ረዥም ጊዜ የሚቆይ ሰው አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ይጠይቃል፤ እስከ 2 ዓመት ያገለግላል። ማመልከቻው ሲገባ ግን እዚያው አሜሪካ መገኘት ግድ ነው።

የኮምቦልቻው፦
ጋሼ፣ ደረጃውን አውቀዋለሁ፤ ወንድሜም እዚያው ነው ያስሞላው። በሽታ ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ማታ ደወልንለት፣ በሦስተኛው ቀን ኮምቦልቻ ኤርፖርት ወረደ። ፈቃዱን በየትኛው ቀን ይጠይቅ? የእናቴ አልጋ ከመስኮቱ ስር ነው፤ የጦሳን ተራራ እያየች ትውላለች። አጥሚቱን የምትጠጣው እሱ ከያዘላት ብቻ ነው። እኔ ስሰጣት «ቆይ» ትለኛለች።

ደግሞ ግዴታው አንድ ቢሆን ምን ነበረበት! 18 ከሞላህ ካርዱን ከኪስህ አትለይ። ቤት ስትቀይር በ10 ቀን ውስጥ አሳውቅ። ወንድ ልጅህ 18 ሲሞላው ለውትድርና ስሙ ይመዝገብ። ግብር ክፈል። ድምፅ ግን እንዳትሰጥ! ግዴታ ሲሆን የቤት ልጅ፣ ምርጫ ሲመጣ እንግዳ።

የደሴው፦
እኛስ ጋ? የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ወሎዬ ቢጫ ካርድ ይይዛል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ብዙ መብት ሰጥቶታል፤ መምረጥና መመረጥን ግን አልሰጠውም። አባቱ ሐይቅ ከተማ ቢቀበርም አይመርጥም። ውትድርናውም ስም ማስመዝገብ ነው እንጂ አሜሪካ ከ1973 እ.ኤ.አ. ወዲህ ማንንም በግዳጅ አልመለመለችም። ድምፁ ላይ ግን ቀልድ የለም። ሳይፈቀድለት የመረጠ ሰው ከአገር ሊባረር ይችላል።

ሰው የሚሳሳተው ግብሩ ላይ ነው። ወንድምህ ሆጤ ያሉትን ሰርቪስ ክፍሎች ያከራያል አይደል? ያ ኪራይ አሜሪካ በሚያቀርበው የግብር ማስታወቂያ ላይ መግባት አለበት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ገቢውን ከየትም ያግኘው፣ ያስታውቃል። ለኢትዮጵያ የከፈለው ግብር ሊታሰብለት ይችላል፤ ዝም ማለት ግን አይቻልም። አንዳንድ ብልጥ ደግሞ ግብር ለማምለጥ «ነዋሪ አይደለሁም» ብሎ ይሞላል። በገዛ እጁ ነዋሪነቱን እንደ ተወ ሊቆጠርበት ነው!

የኮምቦልቻው፦
ኪራዩ ምን ያህል ሆነና ነው ጋሼ? ለእናቴ መድኃኒት እንኳ አይበቃም። ለነገሩ ሕጉ ወር ብቻ አይቆጥርም፤ የሰውየውን ሐሳብም ያያል። ቤቱ የት ነው? ሥራውስ? ቤተሰቡስ? የወንድሜ ሚስትና ልጆች እዚያ ናቸው። ሥራውም ይጠብቀዋል። ዓመት ያለፈው ሰው እንኳ የቀረበት ምክንያት ከአቅሙ በላይ መሆኑን ካስረዳ፣ በኤምባሲ በኩል የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ ሊጠይቅ ይችላል። ሕጉ እናት እንዳለን ያውቃል፤ የረሱት እርስዎ ነዎት።

የደሴው፦
አልረሳሁም። መንገዱ አለ፣ ግን ጠባብ ነው። «እናቴ ታማ ነው» ብሎ ማልቀስ አይበቃም፤ ማስረጃ ይፈልጋል። ሐኪሙ የጻፈው ወረቀት አላችሁ? ደግሞ ዜግነት ሊያመለክት ካሰበ፣ ከ6 ወር በላይ መቅረቱ ለዜግነት የሚጠየቀውን የ5 ዓመት ነዋሪነት ቆጠራ ሊያቋርጥበት ይችላል። እኔ እናቱን ይተዋት አላልኩም። 6 ወሩ ሳይሞላ አሜሪካ ደርሶ፣ ፈቃዱን ጠይቆ ይምጣ ነው ያልኩት።

የኮምቦልቻው፦
ደርሶ መልስ ስንት እንደሆነ ትኬት ቢሮ ሄደው ይጠይቁልኝ። የሐኪሙን ወረቀት ግን ነገ አወጣለሁ። ስለ ኪራዩም ማታ እጠይቀዋለሁ፤ ዝም እንደሚለኝ ከአሁኑ አውቃለሁ። ትኬቱን ግን እኔ አልቆርጥለትም። እናቴ አጥሚቱን ከእጄ የተቀበለችኝ ቀን እንነጋገር።