አምስት በመቶ ጉዳት መጨመር ልዩ ሙያ አይባልም

ሐዋሳ ውስጥ ጌም ለመሥራት የሚነሡ ወጣቶች ንድፋቸውን ሲያሳዩኝ፣ ከታሪኩም ከካርታውም በፊት የሚዘረጉት ወረቀት ብዙውን ጊዜ የክላስ፣ ማለትም ተጫዋቹ የሚመርጠው የገፀ ባሕርይ ዓይነት፣ ዝርዝር ነው። ጦረኛ፣ አስማተኛ፣ ፈዋሽ፣ ቀስተኛ ይደረደራሉ፤ ከእያንዳንዱም ሥር ክላሱ የሚከፈልባቸው ሦስት አራት ልዩ ሙያዎች ይንጠለጠላሉ። ስሞቹ ያማሩ ናቸው። ወደ ታች ወርዶ ላነበበ ሰው ግን የእሳት አስማተኛው በጠላት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በ5 በመቶ ይጨምራል፣ የበረዶ አስማተኛው ፍጥነት በ5 በመቶ ይጨምራል፣ ከዚያ ያለፈ ነገር አይገኝም። እኔ የምለው፣ ልዩ ሙያ ተጫዋቹ የሚያደርገውን ነገር ካልለወጠ ከንድፉ ይውጣ ነው።

ክላስ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። የዘርፉ ሁሉ አባት የሆነው፣ ጠረጴዛ ተከቦ በወረቀትና በዳይስ የሚካሄደው ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ በ1974 ሲወጣ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጦረኛ፣ አስማተኛና ካህን ብቻ ነበሩት፤ ሌባው የተጨመረው በተከታዩ ዓመት በታተመ ተጨማሪ መጽሐፍ ነው። ሌባው የመጣው ደከም ያለ ጦረኛ ሆኖ አይደለም፤ ቁልፍ መክፈትን፣ ወጥመድ ማክሸፍንና በጨለማ መደበቅን የራሱ ሥራ አድርጎ ነው የገባው። ስለዚህ ሌባ የያዘ ቡድን የተቆለፈ በር ሲያጋጥመው የሚያስበው፣ ሌባ የሌለው ቡድን ከሚያስበው የተለየ ነበር።

የመቶኛው ልማድ ሥር የሰደደው ጌሞቹ ወደ ኮምፒውተር ከገቡ በኋላ ነው። ኮምፒውተር መቶኛ ለማስላት አይሰንፍም፤ ንድፍ አውጪውም ቁጥር መጨመር ከአዲስ ድርጊት መፍጠር እንደሚቀል ቶሎ ይገባዋል። በ2004 የወጣው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ለእያንዳንዱ ክላስ ሦስት የክህሎት ዛፎች (በነጥብ የሚከፈቱ የክህሎት ቅርንጫፎች) ነበሩት፤ ተጫዋቹም ከ10ኛው ሌቨል (የእድገት ደረጃ) ጀምሮ እስከ 60ኛው ድረስ በየሌቨሉ አንድ ነጥብ እያገኘ 51 ነጥብ ያከፋፍላል። ነገር ግን ጦረኛው ከነዚህ ነጥቦች አምስቱን በአንድ ቦታ ላይ አፍስሶ የሚያገኘው፣ ከባድ ምት የማሳረፍ ዕድሉ በ5 በመቶ ከፍ ማለቱን ብቻ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ምርጫ ሒሳብ የሚችል ሰው አንድ ጊዜ ካሰላው ጉዳዩ አለቀ፤ ሌላው ተጫዋች መልሱን ኢንተርኔት ላይ አግኝቶ ይገለብጣል። የጌሙ ሠሪ ብሊዛርድ በ2012 ዛፎቹን ነቅሎ በየ15 ሌቨሉ ከሦስት አንዱን በማስመረጥ የተካቸው ሁሉም ተጫዋች አንድ ዓይነት አከፋፈል መገልበጡ ስላሳሰበው ነበር። በ2022 ዛፎቹን መልሶ ተክሏል። እኔ እንደምረዳው ተጫዋቹ በየሌቨሉ እጁ ላይ የምትገባው ትንሽ ነገር ናፍቃው ነበር፤ ያ ናፍቆት ደግሞ ተገቢ ነው። ሆኖም የናፈቀው ነገር እድገት እንጂ ልዩ ሙያ አልነበረም፤ ሁለቱን መደባለቅ የብዙ ንድፎች ችግር ነው።

ነገሩን በምሳሌ ቀረብ ብለን እንየው። የሲዳማ አያንቶዎች ጨረቃንና ከዋክብትን ተመልክተው የፍቼ ጫምባላላን ቀን የሚለዩ አዋቂዎች ናቸው፤ በዓሉም በ2015 በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። አንድ የሐዋሳ ቡድን በተራ በሚካሄድ የውጊያ ጌም ውስጥ አያንቶን ክላስ አድርጎ ቢያስገባው እንበል (አዛውንቱን ሳያማክር ባያደርገው ይመረጣል)። በተለመደው አሠራር የጨረቃ አያንቶ አስማቱ በ10 በመቶ ይበረታል፣ የኮከብ አያንቶ ደግሞ ፍጥነቱ በ10 በመቶ ይጨምራል። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይህ ነው። በዚህ ፈንታ አንደኛው ጠላት በሚቀጥሉት ሁለት ተራዎች የሚያደርገውን አስቀድሞ ያይ፣ ሊያስቀረው ግን አይቻለው። ሌላው የጠላትን ድርጊት በአንድ ተራ ማዘግየት ይቻለው፣ የሚያዘገየው ምን እንደሆነ ግን አይወቅ። አሁን ቡድኑ ወንዝ ሲሻገር የጅብ መንጋ ገጠመው። የመጀመሪያው አያንቶ መሪው ጅብ ቁስለኛው ላይ እንደሚዘል ስላየ ቁስለኛውን ወደ ኋላ ያስወጣል፣ ጋሻ ያዡን ወደ ፊት ያመጣል፤ ተጫዋቹ የሚጨነቀው ማን የት ይቁም በሚለው ላይ ነው። ሁለተኛው ግን መሪውን ጅብ በጭፍን ያዘገያል፤ በዚያ ተራ ጅቡ ሊጮህ ብቻ ከነበረ ኃይሉ ባከነ፣ ሊዘል ከነበረ ግን የሰው ነፍስ አተረፈ። ጅቦቹ ያው ናቸው፣ ወንዙም ያው ነው፤ ተጫዋቾቹ የገጠማቸው እንቆቅልሽ ግን ለየቅል ሆነ።

ይህን ለመፈተን ኮምፒውተር አያስፈልግም። አንድ ውጊያ ተመርጦ በሁለቱ ልዩ ሙያዎች ተራ በተራ በወረቀት ላይ ይጻፋል፤ የትእዛዞቹ ቅደም ተከተል ተመሳሳይ ሆኖ ከተገኘ አንዱ ይሰረዛል። መብራት ሲጠፋም የሚሠራ ዘዴ ነው።

ልዩ ሙያው ከየት ይገኛል የሚለውም ጥያቄ ቸል ሊባል አይገባም። በ2009 የወጣው ድራገን ኤጅ፦ ኦሪጅንስ ሦስት ክላሶች ብቻ ሲኖሩት ለእያንዳንዳቸው አራት ልዩ ሙያዎች ሰጥቷል፤ በ7ኛውና በ14ኛው ሌቨል የሚገኘው ነጥብ ግን ብቻውን አይበቃም። ልዩ ሙያው አስቀድሞ ከመጽሐፍ፣ ከጓደኛ ወይም ከአደገኛ ውል መገኘት አለበት፤ ለምሳሌ ቴምፕላር (አስማተኞችን የሚቋቋም ተዋጊ) ለመሆን የሚፈልግ ጦረኛ አብሮት ከሚጓዘው ከአሊስተር ሊማር ይችላል። በዚህ አሠራር ሙያው ከሰው ጋር ይተሳሰራል፤ ያ ሰው ከተቀየመ የሚጎድል ነገር አለ።

እኛ ዘንድ ለዚህ ከበቂ በላይ ስንቅ አለ። ወጣቶቻችን ደብተራን ብዙ ጊዜ በአስማተኛው ቦታ ይተኩታል፤ ጥምጣም ያስሩለትና የእሳት ኳስ ያስወረውሩታል። የቆሎ ተማሪው ያለፈበትን መንገድ ግን አይነኩትም። ከንባብ ቤት ወደ ዜማና ወደ ቅኔ ያልፋል፤ ቅኔውን በዋሸራ፣ በጎንጅ ወይም በዋድላ ስልት ይማራል፤ ድጓ ለማስመስከር ደቡብ ጎንደር ወዳለው ቤተልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ደግሞ ዙር አባን ይፈልጋል። እያንዳንዱ ዕውቀት የራሱ ቦታና የራሱ መምህር አለው፤ ወደዚያ ለመድረስም ቁራሽ እየለመኑ ውሻ እየመከቱ መጓዝ ያስፈልጋል። አንድ ንድፍ አውጪ ይህን አወቃቀር ወስዶ የምናብ ዓለሙን ስም ቢሰጠው፣ የጉዞው ድካም ራሱ የምርጫው ዋጋ ይሆንለታል። ጥምጣሙን ብቻ ወስዶ ጉዞውን መተው የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው።

ልዩ ሙያው መቼ ይሰጥ በሚለው ላይ የውጭውን ልማድ እንዳለ መቅዳት አይጠቅመንም። እዚህ ብዙ ተጫዋች የሚጫወተው ጌም ቤት ገብቶ በሰዓት እየከፈለ ወይም በስልኩ ነው፤ ማሽኑ የጋራ ስለሆነም ያስቀመጠውን ጨዋታ ነገ ማግኘቱ አያስተማምንም። በ30ኛው ሌቨል የሚከፈት ልዩ ሙያ ለዚህ ሰው የለም ማለት ነው። ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ እንኳ በ2014 እትሙ እንደ ክላሱ ከ1ኛው እስከ 3ኛው ሌቨል ተበታትኖ የነበረውን ምርጫ በ2024 ለሁሉም 3ኛው ላይ አድርጎታል። የእኛ ጌም የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሳያልቅ ተጫዋቹን ቢያስመርጠው እመርጣለሁ።

ቀድሞ ያስመረጠ ግን መመለሻም መስጠት አለበት። በ2000 የወጣው ዲያብሎ 2 አንዴ የፈሰሰ ነጥብ እንዲመለስ የፈቀደው በ2010 ነው፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ብልጥ ተጫዋች በ30ኛው ሌቨል የሚከፈቱትን ክህሎቶች ለመግዛት ነጥቡን ሳይነካ ያጠራቅም ነበር፤ ማለትም ጌሙን በደካማ ሰው ይጫወት ነበር። መመለስ ከተፈቀደ ምርጫ ክብደት ያጣል የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡት ጥሩ ነው፤ ስሕተትን የሚፈራ ሰው ይገለብጣል እንጂ አይመርጥም። ባልደርስ ጌት 3 ውስጥ ዊዘርስ የተባለው ገፀ ባሕርይ በ100 ወርቅ ክላሱን ጭምር ይቀይራል፤ በጨዋታው ዓለም ይህ ኢምንት ዋጋ ነው፤ የተጫዋቾቹ ፍቅር ግን በዚህ አልቀነሰም።

የቀረው ብዛቱ ነው። አራት ክላሶች ለእያንዳንዳቸው ሦስት ልዩ ሙያ ቢኖራቸውና ቡድኑ ከየክላሱ አንድ ሰው ቢይዝ 81 ዓይነት ጥምረት ይፈጠራል፤ ሁለት ሁለት ብቻ ቢሆኑ ጥምረቱ 16 ነው። ሦስት ሆነው ከትምህርት በኋላ በአንድ ላፕቶፕ የሚሠሩ ጓደኛሞች 16ቱን እየተጫወቱ መፈተን ይችላሉ፤ 81ዱን ግን አይሞክሩትም፣ ያልሞከሩትን ደግሞ ተጫዋቹ በመጀመሪያው ሳምንት ያገኘዋል። ሦስተኛው ልዩ ሙያ ጌሙ ከወጣና ሰው ከለመደው በኋላም ይደርሳል፤ የጌም ሠሪው ላሪያን በነሐሴ 2023 ላወጣው ባልደርስ ጌት 3 ለ12ቱ ክላሶች አንድ አንድ ተጨማሪ ልዩ ሙያ የሰጠው በሚያዝያ 2025 ነው።