ሳይፈረድበት የፈረዳችሁበት ልጅ

እኔ ምለው፣ ደሴ ውስጥ ዳኛ ያልሆነ ሰው አለ እንዴ? የሰፈራችን ልጅ፣ ለኮሌጁ የሚሮጠው፣ በድብደባ ተጠርጥሮ ከተያዘ ገና ሳምንቱ ነው። ትናንት ቡና ተጠርተን አቦሉ ሳይቀዳ እስር ቤት ከተቱት፣ ቶናው ላይ «ድሮም ዓይኑ ደስ አይለኝም» ተባለ፣ በረካው ላይ ደግሞ ለእናቱ ማዘን ጀመሩ። ወላሂ፣ አምና ሜዳሊያ ይዞ ሲመጣ እልል ያሉት እነዚሁ ናቸው!

«ፖሊስ በከንቱ አይዝም» ይሉኛል። መያዝና ጥፋተኛ መባል እኮ ለየቅል ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ላይ አለ፤ ክሱ እየታየ ያለ ሰው እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም። ማስረዳት ያለበት ዐቃቤ ሕግ ነው፣ ልጁ አይደለም።

አሜሪካም ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2006 የዱክ ዩኒቨርሲቲ 3 የላክሮስ (መረብ ባለው ዱላ የሚጫወቱት የኳስ ጨዋታ) ተጫዋቾች በአስገድዶ መድፈር ተከሰሱ፣ የቡድኑ ውድድር ተሰረዘ፣ የልጆቹ ፎቶ በየቦታው ተለጠፈ። በዓመቱ ንጹሕ ናቸው ተባለ። የጥብቅና ፈቃዱን የተነጠቀው ዐቃቤ ሕጉ ሆነ።

አልመታም አላልኩም፣ እኔ ምን አውቄ! የተመታውም የሰው ልጅ ነው፣ ጉዳዩ ይታይለት። ግን ኮሌጁ ቃሉን እንኳ ሳይሰማ ከቡድኑ ሰረዘው። ፎቶውንም ከግድግዳው አውርደውታል፣ ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። ዛሬ ጠዋት ሳልፍ እናቱ የመሮጫ ጫማውን አጥበው በረንዳ ላይ አስጥተውታል።