የጓሳ ሣርም ያብባል

ስለ አበባ እጽዋት የዘር ሐረግ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጽሑፉ ከ9,500 በላይ የአበባ እጽዋት ዝርያዎች ዲኤንኤ ተነጻጽሮ የዘር ሐረጋቸው መሠራቱን ይተርካል። እንዴት ደስ አለኝ! የመንዝ ልጅ ነኝ። ጅባራውም፣ የጓሳ ሣሩም፣ የማሳችን ገብስም የአንድ ግንድ ልጆች ናቸው። ሣር ምን አበባ አለው እንዳትሉ። አለው፤ ብናኙን ነፋስ ስለሚያደርስለት ንብ የሚጠራ ቀለም አላስፈለገውም። የወፍ ዋሻ ደን ጽድ ግን ከዚህ ቤተሰብ ውጭ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አምቦሬላ የምትባል፣ የኒው ካሌዶንያ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴት) ቁጥቋጦ አለች። ከግንዱ ቀድሞ ከተገነጠለው ቅርንጫፍ ዛሬ የቀረችው እሷ ብቻ መሆኗን በ1999 እ.ኤ.አ. የወጡ የዘረመል ጥናቶች አሳዩ። አንዳንዶች "የአበቦች ሁሉ እናት" ይሏታል፤ ይሄ ልክ አይደለም። እሷም እንደ ገብሳችን የዛሬ ተክል ናት። የሩቅ አክስት ብንላት ይሻላል።