«አንድ ቃል ብቻ?»

ይቺን አሁኑኑ ካልጻፍኳት እንቅልፍ አይወስደኝም። ከስብሰባው ገና መውጣቴ ነው፣ ደሜ እንደፈላ ነው።

ያ ሰርቨሮቹን ሌሊት ሌሊት ሲጥል የከረመው ባግ (የኮድ ስህተት) ተገኘ። ያገኘሁትም እኔ ነኝ። ድራይቨሩ (ሃርድዌሩን የሚያዘው ኮድ) ሲራገፍ ታይመሩን (በቀጠሮ የሚነሳውን ሥራ) በ«ዴል ታይመር» ትእዛዝ ይሰርዝና ሜሞሪውን ይለቃል። ዴል ታይመር ግን የሚሰርዘው ገና ያልተነሳውን ነው፤ የታይመሩ ፈንክሽን ሌላ የፕሮሰሰር ኮር ላይ መሮጥ ጀምሮ ከሆነ እስኪጨርስ አይጠብቅም። አንዱ ኮር ሜሞሪውን ሲለቅ ሌላው እዚያው ላይ ይጽፋል። «ዴል ታይመር ሲንክ» ግን ይጠብቃል። በቃ፣ መፍትሔው ይቺው «ሲንክ» ናት።

አለቃችን ፓቹን (የኮድ ማስተካከያዬን) ትልቁ ስክሪን ላይ ዘረጋው፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ።

«ይሄ ነው?»

«አዎ።»

«አንድ ቃል'ኮ ነው የጨመርከው።»

«አዎ፣ ግን ቃሉ የት እንደሚገባ ለማወቅ...»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ለአንድ ቃል?»

ብሎ ወደ ሌሎቹ ዞረ። ሳቁ! የሳቁት ደግሞ እነዚያው «ሪስታርት አድርገው፣ ይስተካከላል» ሲሉኝ የከረሙት ናቸው።

ወገን፣ የተለቀቀውን ሜሞሪ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ለሌላ ይሰጠዋል እኮ! ስለዚህ የሚወድቀው ጥፋተኛው ድራይቨር አይደለም። አንድ ቀን ፋይል ሲስተሙ ይወድቃል፣ ሌላ ቀን ኔትወርኩ። ሎጉ (የሲስተሙ መዝገብ) የሚጠቁመው ገዳዩን ሳይሆን ሟቹን ነው። የፋይል ሲስተም ልጆች ባልሠሩት ጥፋት ስንት ስድብ ጠጡ! ፕሪንት ኬ (ሎጉ ላይ መልእክት የሚጽፍ ትእዛዝ) ስጨምርበት ደግሞ የጊዜው አገጣጠም ትንሽ ይዛነፍና ባጉ ድራሹ ይጠፋል። ሳወጣው ይመለሳል። ሰው ያብዳል።

ካሳን የሚባለው የሜሞሪ ስህተት አዳኝ ለዚህ ነው የተሠራው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከሊኑክስ 4.0 ጋር ገባ፣ የሠሩትን እጃቸውን ይባርከው። ግን ከሜሞሪው አንድ ስምንተኛውን ይይዛል፣ ማሽኑንም ያዘገያል። «እውነተኞቹ ሰርቨሮች ላይ እንዳታበራው» ያለኝ ማን ነበር? ይኸው አለቃችን! የሙከራ ማሽኑ ላይ ደግሞ ያን ያህል ሥራ ስለሌለ ባጉ ብቅ አይልም። ፓኒክ ሲመጣ (ከርነሉ ደንግጦ ሲቆም) ሎጉ ዲስክ ላይ ሳይደርስ ስለሚቀር በሲሪያል ኮንሶል፣ ማለትም በቀጥታ ወደ ሌላ ማሽን እያወጣን፣ የምንይዝበትን ኬብል ግዙልን ብዬ ስንቴ ለመንኩ። «እናያለን» ተብሎ ቀረ።

ይባስ ብሎ «ይህን ያህል ቀላል ከሆነ እስከዛሬ ለምን አልታየም?» አለኝ። ደርቲ ካው የሚባለው የደህንነት ቀዳዳ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2016 ከርነሉ ውስጥ ተጋድሞ ኖሯል፣ ዓለም ሁሉ በሚያነበው ኮድ ውስጥ! እሱም የሁለት ሥራዎች እሽቅድምድም ነበር። ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ ከዓመታት በፊት ሊደፍነው ሞክሮ፣ ማስተካከያው በሌላ ችግር ምክንያት ተመልሶ እንደነበር ጽፏል። ከርነሉን የጀመረው ሰው! ይህን ልናገር አፌን ስከፍት «ጊዜ የለንም፣ ወደሚቀጥለው» ተባለ።

ቲኬቱን (የባጉን የሥራ መዝገብ) «ቀላል ማስተካከያ» ብሎ ዘጋው። ግምገማዬ ላይ የሚቆጠረው ያ ነው። እዚያው ድራይቨር ውስጥ ወርክ ኪዩው (የሥራ ወረፋው) ላይም ያንኑ ጉድ አይቻለሁ፣ ሳይጠብቅ ሰርዞ ሜሞሪውን ይለቃል። ነገ ፓቹን እልካለሁ፣ ሰርቨሮቹ መውደቅ የለባቸውም። ስብሰባው ላይ ግን ሌላ ሰው ያቅርበው። እኔ ደክሞኛል።