ናሙናውን ማን ይውሰድ?
አንድ ጽሁፍ ላይ ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ላብራቶሪ ለአዲስ አበባ ዙሪያ ወተት አምራች ምን ጠቀመ ተብሎ ተጠይቋል፣ እኔ ፉሪ አካባቢ አራት ላሞች አሉኝና የኔን ልበል። አምና አፍተግር የሚባለው የከብት አፍና እግር የሚያቆስል የቫይረስ በሽታ ገባብን፣ ዋናዋ ላሜ አፏ ቆስሎ ለሃጯ እየተዝረበረበ እያነከሰች ወተቷ ካስራ ምናምን ሊትር ወደ ሁለት ወረደላችሁ። አስከትቤያት ነበር እኮ! ክትባቱ ውሃ ነው ብዬ ስሳደብ ከረምኩ፣ በኋላ አንድ ሀኪም ሲያስረዳኝ ለካ ቫይረሱ አንድ አይነት አይደለም፣ እኛ አገር ኦ፣ ኤ፣ ሳት 2 የሚባሉት አሉ፣ ለአንዱ የተከተበች ከብት ከሌላው አትድንም። ስለዚህ ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ ላብራቶሪ የትኛው እንደሆነ ካልለየ ቢሾፍቱ የሚመረተው ክትባት ምን ያድርግ? ደስታ በሽታ የሚባለው ከብት ፈጅ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም ጠፋ የተባለው እኮ በመርፌ ብቻ አይደለም፣ የታመመ ከብት አለ በተባለበት ሁሉ እየተሄደ ናሙና እየተለቀመ ነው። የኛ ሰፈር የእንስሳት ጤና ባለሙያ ግን ደውዬለት «መጣሁ» ብሎ የመጣው ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ነው፣ ያውም የነዳጅ ጠይቆኝ። ላብራቶሪው እኮ ቅርባችን ነው፣ በሚኒባስ የሚደረስ!